አዞው ወረቀት አለው፣ ዛፉ ግን የለውም

ዛሬ ረዘም ያለ ትንታኔ ይዘን መጥተናል። አሁን ጊዜ ከሌላችሁ ሴቭ አድርጉትና ማታ ተረጋግታችሁ አንብቡት።

ከአርባ ምንጭ ወደ ወላይታ ሶዶ የሚወስደውን አስፋልት ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በስተቀኝ ቀላ ያለው የዓባያ ሐይቅ፣ በስተግራ የጋሞ ተራሮች። ምዕራብ ዓባያ ወረዳ ስትገቡ የሙዝና የማንጎ ማሳ ግራና ቀኝ ይቀበላችኋል። ብርብር ላይ መኪና ሲቆም ደግሞ ፍራፍሬ ሻጮች ወደ መስኮት ይሯሯጣሉ።

ከማንጎው አጠገብ ሌላም ነገር አለ። አፉ በቅጠልና በጭራሮ የተደፈነ፣ በገመድ የተጠላለፈ ማዳበሪያ። ከሰል ነው። በዚህ መንገድ ብቻ ሳይሆን በአገሪቱ ብዙ መንገዶች ዳር የተለመደ ስለሆነ ዓይናችን አይቶት ያልፋል። አንዳንዴም ሹፌሩ ቆም ብሎ ይገዛና ጣሪያ ላይ ይጭነዋል፣ ጉዞው ይቀጥላል።

ግን አንድ ጥያቄ እንጠይቃችሁ። ያ ከሰል የየትኛው ዛፍ ነው? ከማን ማሳ ተቆረጠ? ከገበሬው ጓሮ ነው ወይስ ከመንግሥት ደን? ወይስ ከፓርክ?

ሻጩም፣ ሹፌሩም፣ ገዢውም አይመልስላችሁም። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህ ያልተመለሰ ጥያቄ ነው።

ከአዞው እንጀምር

"ሕገ ወጥ የዱር ሀብት ንግድ" ሲባል መጀመሪያ ምን ትዝ ይላችኋል? የዝሆን ጥርስ፣ የነብር ቆዳ፣ ምናልባት የአንበሳ ደቦል። ዛፍና ሥር ማንም ትዝ አይለውም።

ዓለም አቀፉ ስምምነት ግን ሌላ ነው የሚለው። ሳይተስ ተብሎ የሚጠራው፣ ለመጥፋት የተጋለጡ የዱር እንስሳትና ዕጽዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ የሚቆጣጠረው ስምምነት ከ40 ሺህ በላይ ዝርያዎችን ይዘረዝራል። ከእነዚህ ውስጥ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ዕጽዋት ናቸው! ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ የስምምነቱ አባል ናት።

አሁን ወደ ዓባያ እንመለስ። አርባ ምንጭ ሄዶ አዞ ራንች ሳይጎበኝ የሚመለስ ጎብኚ ጥቂት ነው። ራንቹ የአዞ እንቁላልና ጫጩት ከሐይቁ ይሰበስባል፣ ያሳድጋል፣ ቆዳውን ወደ ውጭ ይልካል። ይህ ሁሉ በሕግ ነው የሚሠራው። ቆዳው ድንበር ሲሻገር ከየት እንደመጣ የሚናገር ፈቃድ አብሮት ይሄዳል። ፈቃድ የሌለው የአዞ ቆዳ ተይዞ ቢገኝ ዜና ይሆናል፤ እኛም "ሰበር" ብለን እንለጥፈው ነበር።

እንግዲህ አስቡት። እዚያው ሐይቅ ዳር የሚኖረው አዞ ወረቀት አለው። አዞው ፀሐይ የሚሞቅበትን ዳርቻ በሥሩ ይዞ፣ አፈሩ ወደ ሐይቁ እንዳይገባ የሚከላከለው ዛፍ ግን ወረቀት የለውም። ወይም በትክክል እንናገር ከተባለ፣ በሕግ አለው፣ መንገድ ላይ ግን የለውም።

ወረቀቱ የት ይጠፋል?

የሕግ ችግር የለብንም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጽድን በስም ጠርቶ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። አሁን በሥራ ላይ ያለው አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ነው። በእሱም ቢሆን ያለ ፈቃድ ከመንግሥት ደን ዛፍ መቁረጥ፣ ከሰል ማክሰል፣ ያለ ይለፍ የደን ውጤት ማጓጓዝ ወንጀል ነው። ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ሲሆን ደግሞ ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል።

ታዲያ ሕጉ የት ላይ ነው የሚላላው? ማዳበሪያው ውስጥ።

ዛፍ ቆሞ እያለ ማንነቱ ይታወቃል። ግራር ነው፣ ዋንዛ ነው፣ የእገሌ ማሳ ላይ ያለ ነው፣ የፓርኩ ነው ይባላል። ከሰል ከሆነ በኋላ ግን ሁሉም ጥቁር ነው። ገበሬው ከራሱ ጓሮ ቆርጦ ያከሰለውና ከነጭ ሣር ፓርክ ጥግ ተሰርቆ የወጣው አንድ ላይ ቢደባለቁ ባለሙያም አይለያቸውም። ጣውላም እንዲሁ ነው። "ኦሪጅናል ዋንዛ" ተብሎ ፌስቡክ ላይ የሚሸጠው አልጋ ከገበሬ ማሳ ይሁን ከተፈጥሮ ደን የሚናገር ምንም ነገር የለም። ገንዘብ እንደሚታጠበው ሁሉ ዛፍም ይታጠባል ማለት ነው።

ይህ በአፋር የታየ ነገር ነው። ፕሮሶፒስ የሚባለው መጤ ዛፍ የግጦሽ መሬቱን ሲወር፣ "እሱን እየቆረጣችሁ አክስሉ፣ መሬቱም ይጸዳል፣ ገቢም ይገኛል" ተባለ። ሐሳቡ መልካም ነበር። ግን በፕሮሶፒስ ስም አገር በቀል ግራሮችም አብረው እየተቆረጡ ወደ ከሰል ገቡ። የተፈቀደው ላልተፈቀደው ሽፋን ሆነ። ምክንያቱ ያው ነው፦ ከሰሉ ሲጫን ከየትኛው ዛፍ እንደሆነ የሚያረጋግጥ አልነበረም።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው

"አንድ ማዳበሪያ ከሰል ምን ያመጣል?" የሚል ይኖራል። እሺ፣ እናስላው።

በባሕላዊ መንገድ፣ ማለትም እንጨቱን ከምሮ አፈር አልብሶ በማክሰል፣ 1 ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከ5 እስከ 10 ኪሎ እንጨት ያስፈልጋል። የቀረው ጢስና አመድ ሆኖ ይጠፋል። አንድ ማዳበሪያ 40 ኪሎ ይመዝናል ብንል ከ200 እስከ 400 ኪሎ እንጨት በልቷል። 100 ማዳበሪያ የጫነ አንድ አይሱዙ አጠገባችሁ ሲያልፍ እንግዲህ ከ20 እስከ 40 ቶን እንጨት ነው ያለፈው። ይህ የአንድ መኪና፣ የአንድ ሌሊት ጭነት ነው።

ግራር ደግሞ እንደ ባሕር ዛፍ አይደለም፤ በቶሎ አይተካም። በአንድ ጠዋት የወደቀ ትልቅ ግራር ቦታው ላይ ተተኪው እስኪያድግ ዛሬ ይህን የምታነቡት ልጅ ወልዳችሁ ልታሳድጉ ትችላላችሁ።

ጉዳቱ ዛፉ ላይ አያበቃም። የዓባያ ውኃ ለምን ቀላ እንደሚል ታውቃላችሁ? ከዙሪያው ተዳፋት ታጥቦ የሚገባው ደቃቅ አፈር ውኃው ውስጥ ተንሳፍፎ ስለሚቆይ ነው። ተራራው በተራቆተ ቁጥር ዝናቡ የሚያወርደው አፈር ይጨምራል። የሚሄደው አፈር የገበሬው ማሳ ነው፣ የሚሞላው ሐይቅ ደግሞ የአሣ አጥማጁ ነው። ሙዙን የሚያጠጡት እንደ ሐሬ ያሉ ወንዞችም የሚነሱት ከዚያው ከፍታ ነው።

ወደ አርባ ምንጭ ከተማ ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ነጭ ሣር ፓርክ በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመ፣ 514 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሸፍን ፓርክ ነው። ከከተማዋ ግርጌ ያለው ጥቅጥቅ ደን የፓርኩ አካል ነው። ከተማዋን ስም የሰጧት ምንጮች የሚፈልቁት እዚያ ነው፤ የከተማዋ የመጠጥ ውኃም ከዚያ ይመጣል። ከዚህ ደን በሸክም የሚወጣው ማገዶ ለዓመታት የፓርኩ ራስ ምታት ሆኖ ቆይቷል። ሻይ ለማፍላት የሚነደው እንጨት፣ ሻዩ የሚፈላበትን ውኃ የሚጠብቀው ዛፍ ነው እንደማለት ነው።

ሥር ሲነቀል፣ ስልክ ሲደወል

ነገሩ ከሰልና ማገዶ ብቻ ቢሆን ኖሮ "የድሮ ችግር ነው" ብለን እናልፈው ነበር። የዱር ዕጽዋት ንግድ ግን አሁን ኪሳችን ውስጥ ገብቷል።

ቴሌግራም ላይ "የባሕል መድኃኒት" ብላችሁ ፈልጉ። ሥሩ፣ ቅርፊቱ፣ ዱቄቱ ይደረደርላችኋል፤ "በቀጥታ ከጫካ የመጣ" መባሉ ደግሞ እንደ ጥራት ማረጋገጫ ይቀርባል። እኛ የባሕል ሕክምናን የመንቀፍ ዓላማ የለንም። ብዙ ቤተሰብ የሚተማመንበት እውቀት ነው። ጥያቄያችን ስለ ተክሉ ነው።

ቀበርቾን እንውሰድ። ቤት የሚታጠንበት፣ ጢሱ የሚታወቀው ሥር። ቀበርቾ ከኢትዮጵያ ውጪ በዓለም ላይ የትም አይበቅልም። የሚፈለገው ሥሩ ነው፤ ሥሩን ለማግኘት ደግሞ ተክሉ ይነቀላል። ሆድ ቁርጠት ሲነሳ የሚታኘከው ድንገተኛም እንዲሁ ነው፤ እሱም የአገራችን ብቻ ተክል ነው፣ የሚሸጠውም ሥሩ ነው። ቅጠል ብትቀነጥስ ተክሉ ይተካዋል፤ ሥሩን ብትነቅል ግን የሚቀጥለው ዓመት ምርት የለም፣ ዘርም የለም።

ድንበር ሲሻገር ደግሞ ምን እንደሚመስል ለማየት ቀረጥ የሚባለውን ዛፍ እንመልከት። በዓለም ገበያ የምሥራቅ አፍሪካ ሰንደል ይባላል፤ ዘይቱ ለሽቶ ይፈለጋል። ዘይቱ ያለው ግንዱና ሥሩ ውስጥ ስለሆነ ዛፉ ከነሥሩ ይነቀላል። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2007 ቆረጣውን ከለከለች። ነጋዴዎቹ ግን አልቆሙም፤ ወደ ጎረቤት አገሮች ዞሩ። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ2013 ባንኮክ ላይ በተደረገው የሳይተስ ጉባኤ ዛፉ በስምምነቱ ሁለተኛ ዝርዝር ገባ። በዚያ ዝርዝር ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከታንዛኒያ፣ ከሩዋንዳና ከቡሩንዲ ጋር ኢትዮጵያም በስም ተጠቅሳለች። ስሙ ቀረጥ ነው፤ ድንበር የሚሻገረው ግን ያለ ቀረጥ ነው።

የስልኩ ኃይል ምን ያህል እንደሆነ ማየት የሚፈልግ ደግሞ ደቡብ አፍሪካን ይይ። እዚያ በበረሃ የሚበቅሉ የጣት ጫፍ የሚያካክሉ ወፍራም ቅጠል ያላቸው ተክሎች አሉ። በሌላ አህጉር ያሉ ሰዎች ለመስኮት ጌጥ ብለው በኢንተርኔት ማዘዝ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ በደቡባዊ አፍሪካ ከ1 ሚሊዮን በላይ የተነቀሉ ተክሎች ተይዘዋል። ይህ የተያዘው ብቻ ነው። አንዳንዶቹ ዝርያዎች የሚበቅሉት በአንድ ኮረብታ ላይ ብቻ ስለሆነ አንድ ሰው በአንድ ሻንጣ አንድን ዝርያ ከምድር ሊያጠፋ ይችላል። ከኢትዮጵያ 6 ሺህ ገደማ ዕጽዋት ከአሥሩ አንዱ የሚጠጋው ሌላ ቦታ የማይገኝ መሆኑን ስናስብ ይህ የሩቅ ታሪክ አይደለም።

ማን ነው የሚያዘው?

እዚህ ላይ ቆም እንበል።

የሰንሰለቱን ቅደም ተከተል እንይ። ቆራጭ አለ፣ አክሳይ አለ፣ ከመንገድ ዳር ሰብሳቢ አለ፣ ደላላ አለ፣ ባለመኪና አለ፣ ከተማ ላይ አከፋፋይ አለ፣ ቸርቻሪ አለ፣ ከዚያ እኛ አለን። ቡና የምናፈላው፣ በቆሎ የምናስጠብሰው፣ ሥጋ ቤት ቁጭ ብለን "ጥብሱን በሸክላ አምጣው" የምንለው።

ኬላ ላይ በብዛት የሚያዘው ማነው? በጀርባዋ እንጨት የተሸከመች እናት፣ አንድ አህያ የሚነዳ ልጅ፣ ሁለት ማዳበሪያ የጫነ ባጃጅ። ለመያዝ ቀላሎቹ እነሱ ናቸው፤ አይሮጡም፣ ስልክ የሚደውሉለት ሰው የላቸውም። ሸክሙ ይወረሳል፣ ማታ ልጆቿ ሳይበሉ ያድራሉ፣ በማግስቱ ሌላ አማራጭ ስለሌላት ተመልሳ ትሄዳለች። ከትርፉ ትንሿን የምታገኘው እሷ ናት፤ ቅጣቱን ሙሉ የምትከፍለውም እሷ ናት። የ100 ማዳበሪያ ባለቤቱ ግን ጫካውን በዓይኑ አይቶት ላያውቅ ይችላል።

"ታዲያ ድሃ ስለሆነች ትቁረጥ?" የሚል አስተያየት እንደሚመጣ እናውቃለን። አይደለም። ዛፉ ካለቀ መጀመሪያ የምትጎዳው እሷው ናት፤ በየዓመቱ የምትሄድበት መንገድ ይረዝማል። እያልን ያለነው፣ የሰንሰለቱን ጫፍ ብቻ ደጋግሞ መቅጣት ደኑን አላዳነውም ነው። ገዢው እስካለ፣ ባለመኪናው እስካልተነካ ድረስ ሌላ ተሸካሚ ሁልጊዜ ይገኛል።

አገሪቱ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ አሻራ በየክረምቱ ችግኝ እየተከለች ነው። ብዙዎቻችሁም ተክላችሁ ፎቶ ለጥፋችኋል፤ ጥሩ ነው። ግን በክረምት የጣት ርዝመት ችግኝ እየተከልን በበጋ የሃምሳ ዓመት ግራር በማዳበሪያ ከገዛን ሒሳቡ አይገጥምም።

ጋሞ ይህን ያውቀው ነበር

ለነገሩ የጋሞ ሕዝብ ለዚህ ጥያቄ መልስ ነበረው። በጋሞ ደጋዎች ከጥንት ጀምሮ የማይነኩ ደኖች አሉ። የቀብር ቦታ የሆኑ፣ ሥርዓት የሚፈጸምባቸው፣ ሽማግሌዎች የሚሰበሰቡባቸው ዱቡሻዎች አጠገብ ያሉ። ከእነዚያ ደኖች ዛፍ መቁረጥ ጎሜ ነው። ጎሜ ማለት ደንብ መተላለፍ ነው፤ ጦሱ ለቆረጠው ብቻ ሳይሆን ለቤተሰቡና ለአካባቢው ይተርፋል ተብሎ ይታመናል። ዙሪያው ታርሶ እያለ ዛሬም ድረስ ቆመው የምታዩዋቸው ትናንሽ ደኖች በዘበኛ ጠመንጃ አይደለም የተረፉት።

የጋሞ ሽማግሌዎችን አገር ሁሉ ያወቃቸው በመስከረም 2011 ዓ.ም. ነው። ለበቀል የተነሳውን ወጣት እርጥብ ሣር ይዘው፣ ተንበርክከው ያቆሙ ጊዜ። ሣር ነው የያዙት! ለምለም ሣር ቃል የሚሆንበት ባሕል ዛፍን እንደ ዕቃ ብቻ አያይም።

የጎሜ ጥንካሬ ምን ነበር? ደኑ የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቅ ነበር። ማን እንደቆረጠ ይታወቅ ነበር። ስውር ገዢ አልነበረም። ዛሬ የጠፋው ይህ ነው። ዛፉ ሰፈሩን ለቅቆ አይሱዙ ላይ ሲወጣ ከጎሜም ከሕግም ያመልጣል።

ምን ይደረግ?

እኛ ባለሙያዎች አይደለንም። ግን ከላይ ካየነው ተነስተን አራት ነገር እንላለን።

አንደኛ፣ ለዛፉም እንደ አዞው ወረቀት ይኑረው። ከገበሬ ማሳ የወጣ ከሰልና ጣውላ ከየትኛው ቀበሌ እንደመጣ የሚናገር ማስረጃ ይዞ ይሂድ፤ ቁጥጥሩም መንገድ ላይ ብቻ ሳይሆን ከተማ ውስጥ መጋዘኑ በር ላይ ይሁን። በሕግ ለሚሠራው ገበሬም ይህ ይጠቅመዋል፤ ከሌባው ይለየዋል።

ሁለተኛ፣ ተጠያቂነቱ ወደ ላይ ይውጣ። አንዲት ሸክም ከምትያዝ ይልቅ አንድ የጭነት ባለቤት ቢጠየቅ ለደኑ ይበልጥ ይጠቅማል።

ሦስተኛ፣ ተክሉ ባለቤት ይኑረው። ምሳሌው ሩቅ አይደለም። ጋሞዎች አለኮ የሚሉትን ሽፈራው ተመልከቱ። ዱቄቱ ዛሬ በየሱፐርማርኬቱ አለ፣ በኦንላይን ይሸጣል። ገበያው ሲያድግ ዛፉ አልጠፋም። ለምን? በየጓሮው የተተከለ፣ ባለቤት ያለው ዛፍ ስለሆነና የሚሸጠው ቅጠሉ ስለሆነ ነው። ቀበርቾና ድንገተኛም በማሳ የሚለሙበት መንገድ ካልተፈጠረ ገበያው ጨርሶ ይበላቸዋል። ለደኑም ቢሆን እንደ ቦንጋና ጭሊሞ ባሉ ቦታዎች የተጀመረው አሳታፊ የደን አስተዳደር፣ ማለትም ነዋሪው በውል ደኑን እየጠበቀ የሚጠቀምበት አሠራር፣ ያው ጎሜ በወረቀት ሲጻፍ ማለት ነው።

አራተኛው የእኛ ነው። የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ግን አብዛኛው የኢትዮጵያ ቤት ዛሬም የሚያበስለው በእንጨትና በከሰል ነው። መብራት ያለው በመብራት ያብስል። ከሰል የግድ ከሆነ እንደ ላቀች ያለ ቆጣቢ ምድጃ ይጠቀም። ሥር ወይም ቅርፊት በኦንላይን ስታዙ ደግሞ "ከየት ነው? ተተክሎ ነው ወይስ ከዱር ተነቅሎ?" ብላችሁ ጠይቁ። ሻጩ መልስ ከሌለው መልሱን አግኝታችኋል።

በሚቀጥለው ጊዜ ብርብር ላይ መኪናችሁ ሲቆም ማንጎውን ግዙ። ከአጠገቡ ያለውን ማዳበሪያ ስታዩ ግን ያቺን ጥያቄ አስታውሷት፦ ይህ የየትኛው ዛፍ ነው?

እናንተ አካባቢስ ምን ይመስላል? ድሮ ነበረ፣ አሁን ግን የማታዩት ዛፍ ወይም ተክል አለ? በአካባቢው ስሙ ኮሜንት ላይ ጻፉልን፤ አንድ ላይ አሰባስበን እንመለስበታለን። ጽሑፉ ይጠቅማል ካላችሁ ከሰል ለሚገዛው ጓደኛችሁ ሼር አድርጉት። እኛም ከገዢዎቹ መሃል ነን።